ላሟ ደህና ናት፤ ጥጃው ግን ምን ነካው? የሻገተ መኖ እርጉዝ እንስሳትንና የሚወልዷቸውን እንዴት ይጎዳል?

ቤት ውስጥ የሻገተ ዳቦ ወይም እንጀራ ሲገኝ ምን ይደረጋል? መጣል ነውር ነው፤ መብላት ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መፍትሔው አንድ ነው፦ «ለከብቶቹ ስጡት!» ዝናብ የነካው በቆሎ፣ ግድግዳ ስር ተቀምጦ የረጠበ ፋጉሎ፣ መሐሉ የነጣ ድርቆሽም እንዲሁ ወደ ግርግሙ ይሄዳል። ላሟም ትበላዋለች። በማግሥቱ ትነሳለች፣ ታመነዥካለች፣ ትታለባለች። «አያችሁ፣ ምንም አልሆነችም!» ይባላል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች «ምንም አልሆነችም» ስለምትል አባባል ነው። ላሟ እርጉዝ ከሆነች ወይም የምታጠባ ከሆነች፣ የበላችው መርዝ ውጤት በራሷ ላይ ላይታይ ይችላል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ በሌላ አካል ላይ፣ ሌላ በሽታ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ያኔ ደግሞ የሻገተውን መኖ የሚያስታውሰው የለም።

መርዙ የሚመጣው ከየት ነው?

ሻጋታ የፈንገስ ወገን ነው፤ የእንጉዳይና የእርሾ ዘመድ። ሁሉም ሻጋታ ክፉ አይደለም፤ ፔኒሲሊን የተባለውን መድኃኒት ያገኘነውም ከሻጋታ ነው። አንዳንዶቹ ግን እህልና መኖ ላይ ሲያድጉ ለሰውም ለእንስሳትም ጎጂ የሆኑ ኬሚካሎችን ያመርታሉ። እነዚህ ኬሚካሎች ማይኮቶክሲን ይባላሉ፤ በቀላል አማርኛ «የሻጋታ መርዝ» ማለት ነው። ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ እኛ ግን እዚህ ሦስቱን ብቻ እናያለን።

አንደኛው አፍላቶክሲን ነው። የሚያመርቱት አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባለው ፈንገስና የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው፤ የመርዙ ስምም የተገጣጠመው ከዚሁ ፈንገስ ስም ነው። ሙቀትና እርጥበት ከተገናኙለት በበቆሎ፣ በኦቾሎኒ፣ በጥጥ ፍሬና ዘይት ተጨምቆ በሚቀረው ፋጉሎ ላይ ይመቸዋል። ሁለተኛው ዚራሌኖን ነው። ይህን የሚያመርቱት ፉሳሪየም የሚባሉ ፈንገሶች ሲሆኑ፣ ሰብሉን ብዙ ጊዜ የሚይዙት ገና ማሳ ላይ እያለ ነው። ሦስተኛው የኤርጎት መርዝ ነው። ክላቪሴፕስ የተባለ ፈንገስ የገብስ፣ የአጃ ወይም የሣር አበባ ውስጥ ገብቶ፣ በፍሬው ፋንታ ጥቁርና ጠንካራ፣ ትንሽ ቀንድ የመሰለ ነገር ያበቅላል።

ከመቀጠላችን በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ሻጋታውና መርዙ አንድ አይደሉም። ሻጋታው ደርቆ ቢራገፍ፣ ቢበጠር፣ ቢታጠብ እንኳ መርዙ እህሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ንጹሕ የሚመስል መኖ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ የሻገተ ሁሉ ደግሞ የግድ መርዛም አይደለም። ዓይን ብቻውን ዳኛ መሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ እነዚህ መርዞች ሙቀትን በጣም ይቋቋማሉ። አፍላቶክሲንን በተለይ ተራ ማፍላትና መጋገር አያጠፋውም።

ሳይንስ አፍላቶክሲንን ያወቀው በውድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ውስጥ ከ100,000 በላይ የተርኪ ዶሮ ጫጩቶች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። መንስኤው ስላልታወቀ «የተርኪ ኤክስ በሽታ» ተባለ። መጀመሪያ ተላላፊ በሽታ መስሏቸው ነበር፤ ዱካው በመጨረሻ የመራቸው ግን ከብራዚል ወደ መጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በገፍ የሞቱት ጫጩቶቹ ናቸው። ገና በማደግ ላይ ያለ አካል ለመርዝ ከትልቁ ይልቅ ስስ ነው። ካልተወለደው ደግሞ የበለጠ ገና በማደግ ላይ ያለ የለም።

ታዲያ መርዙ ከእናት አፍ ተነስቶ ልጁ ጋ የሚደርሰው እንዴት ነው? ሦስት በሮች አሉት።

አንደኛው በር፦ የእንግዴ ልጅ

ፅንስ አይበላም፣ አይተነፍስም። ምግቡም አየሩም የሚመጣለት በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ነው። የእናትና የፅንስ ደም ግን በቀጥታ አይቀላቀሉም፤ በመሐላቸው ስስ ግድግዳ አለ። የላም፣ የበግና የፍየል ግድግዳ ከሰው ይልቅ ጥብቅ ነው። እንዲያውም ከእናት ደም ውስጥ ያሉትን በሽታ ተከላካይ ፕሮቲኖች፣ ማለትም አንቲቦዲዎችን፣ አያሳልፍም። ጥጃ ገና እንደተወለደ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ፣ እንገር መጥባት ያለበት ለዚህ ነው። የእናቱን መከላከያ የሚያገኘው ከእንገሩ እንጂ ከማህፀን አይደለም።

«ግድግዳው እንዲህ ጥብቅ ከሆነ መርዙንስ አያቆመውም እንዴ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ጥያቄያችሁ ትክክል ነው። መልሱ ግን አያቆመውም ነው። ነገሩ የመጠን ጉዳይ ነው። አንድ አንቲቦዲ 150,000 ዳልተን ያህል ይመዝናል (ዳልተን የሞለኪውሎች መመዘኛ ነው)። ከአፍላቶክሲኖች ሁሉ ኃይለኛው፣ ቢ1 የሚባለው፣ የሚመዝነው 312 ዳልተን ብቻ ነው። ወደ 480 እጥፍ ያንሳል ማለት ነው። በዚያ ላይ ስብ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ የሴል ሽፋንን ማለፍ አይከብደውም። ዝሆን የሚያቆም አጥር ትንኝ አያቆምም። ለፅንሱ የሚጠቅመው ተከላካይ ውጭ ይቀራል፤ የሚጎዳው ይገባል።

ከገባ በኋላስ? አፍላቶክሲን በዋናነት የሚያጠቃው ጉበትን ነው። ጉበት መርዙን ሊያስወግድ ሲሞክር፣ በመንገድ ላይ ወደ ባሰ ቅርፅ ይለውጠዋል፤ ይህ ቅርፅ ከዲኤንኤና ከፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። ትልቅ እንስሳ የተሠራ ጉበት አለው፤ የተጎዳውን ይጠግናል። ፅንሱ ግን አካሉን ገና እየገነባ ነው። ቤት እየተሠራ እያለ ግንበኛውን ብታሳምሙት የሚጎዳው ግንበኛው ብቻ አይደለም፤ ቤቱም ነው።

በአሳማዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ይህንን አሳይተዋል። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ አፍላቶክሲን ያለበት መኖ የበሉ እናቶች ግልገሎቻቸው ክብደታቸው ያነሰ፣ ዕድገታቸው የዘገየና በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። በሰውም ተመሳሳይ ምልክት አለ። በጋምቢያ በ138 ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ለአፍላቶክሲን ይበልጥ የተጋለጡ ሕፃናት በመጀመሪያ ዓመታቸው ዕድገታቸው ዝግ ያለ እንደነበር አሳይቷል።

እዚህ ላይ የችግሩን ተንኮል ተመልከቱ። በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ጥጃ «በሻጋታ ሞተ» አይባልም። በተቅማጥ ወይም በሳምባ ምች ይሞታል። ባለቤቱም «ብርድ መታው» ይላል። ብርዱ እውነት ነው፤ ግን ያንኑ ብርድ የጎረቤት ጥጃ ለምን ቻለው?

ሁለተኛው በር፦ ሐሰተኛው መልእክተኛ

እርግዝና በመልእክት የሚመራ ሥራ ነው። «አሁን እንቁላል ይውጣ፣ አሁን ማህፀን ይዘጋጅ፣ አሁን ፅንሱ ይያዝ፣ አሁን ምጥ ይጀምር» የሚሉት ትእዛዞች በደም ውስጥ የሚጓዙ ሆርሞኖች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ኤስትሮጅን ነው። ሆርሞኑ ቁልፍ ነው ብላችሁ አስቡት፤ ሴሎቹ ላይ ደግሞ ለእሱ የተሠራ ጓጉንቸር አለ።

የሻጋታው መርዝ ዚራሌኖን በዚህ ጓጉንቸር ውስጥ መግባት የሚችል ሌላ ቁልፍ ነው። ኤስትሮጅን አይደለም፤ ግን በሩን ይከፍታል። ሰውነቱ ማንም ያልላከውን ትእዛዝ ይቀበላል።

ጉዳቱ መጀመሪያ በግልጽ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1928 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ነው። የሻገተ በቆሎ የበሉ፣ ለአቅመ ርቢ ገና ያልደረሱ ሴት አሳሞች የመራቢያ አካላቸው አብጦና ቀልቶ፣ ኮርማ የሚፈልጉ መስለው ታዩ። መርዙ ራሱ ተለይቶ የወጣው ግን በ1962 ነው። ከምልክቱ እስከ መንስኤው 34 ዓመት! አሳማ በአገራችን እምብዛም ባይረባም ሳይንቲስቶች ስለ ዚራሌኖን ብዙ የተማሩት ከእሱ ነው፤ ምክንያቱም ከቤት እንስሳት ሁሉ ለዚህ መርዝ በጣም ስሱ አሳማ ነው።

በእርጉዝ አሳማ ላይ ደግሞ ጊዜው ወሳኝ ሆኖ ተገኘ። ከተጠቃች በኋላ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ብዙ ዚራሌኖን የተሰጣት አሳማ ፅንሶቿ አይተርፉም። በእነዚህ ቀናት ፅንሶቹ ማህፀን ውስጥ ቢደርሱም ገና ከግድግዳው ጋር አልተያያዙም፤ ማህፀኑ ትክክለኛውን መልእክት የሚጠብቅበት ሰዓት ነው። ባለቤቱ የሚያየው ደም የለም፣ የጨነገፈ ነገር የለም። «አልያዘችም» ብሎ ብቻ ያልፋል። ዘግይቶ ከሆነ ደግሞ መርዙ ግልገሎቹ ላይ ይታያል፦ የመራቢያ አካላቸው ያበጠ፣ የኋላ እግራቸው ወደ ጎን የሚከፈትባቸውና መቆም የሚያቅታቸው ሆነው ሊወለዱ ይችላሉ።

በጎችም አላመለጡም። በኒውዚላንድ፣ የመኸር ወቅት ግጦሽ ውስጥ ፉሳሪየም ሲበዛ፣ ከመጠቃታቸው በፊት ዚራሌኖን የበሉ በጎች የሚያወጡት እንቁላል ይቀንሳል፤ መንታ መውለድም ይቀንሳል። እዚህ ላይ ግልገሉ አልሞተም፤ ከመጀመሪያውም አልተፈጠረም። እንዲህ ያለውን ኪሳራ ማን ይቆጥረዋል?

ሦስተኛው በር፦ ወተት

ወተት ሁለት ዓይነት አደጋ አለበት፦ አንዱ ሲቀር፣ አንዱ ሲመጣ።

መጀመሪያ የሚቀርበትን እንይ። እናት ወተት እንድታመርት ከአንጎል ስር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች ትንሽ ዕጢ ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ትልካለች። ይህን ሆርሞን የሚይዝ ፍሬን አለ፤ ዶፓሚን ይባላል። የኤርጎት መርዞች ዶፓሚንን ስለሚመስሉ ፍሬኑን ይረግጡታል። ፕሮላክቲን ይቆማል፤ ግቱ አይሞላም። ኤርጎት የበላች እናት አሳማ ግልገሎቿን በሰላም ልትወልድ ትችላለች፤ ከዚያ ግን ጡቷ ደረቅ ይሆንና ግልገሎቹ በረሃብ ያልቃሉ። መርዙ ግልገሎቹን አልነካም፤ ምግባቸውን ብቻ ነጠቃቸው።

ኤርጎት ለኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 ገደማ በወሎ፣ በ2001 ደግሞ በአርሲ፣ ኤርጎት የተቀላቀለበት እህል የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው ደም አጥቶ እየጠቆረ ተጎድተዋል፤ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ። መርዙ የደም ሥርን ያጠብባል። በከብት ላይም እንዲሁ የጆሮን ጫፍ፣ የጅራትንና የሰኮናን ደም ይቆርጣል። የሚገርመው፣ ከዚሁ ኤርጎት የሚገኘው ኤርጎሜትሪን፣ በጤና ባለሙያ እጅ በልክ ሲሰጥ፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም የሚያቆም መድኃኒት ነው። ከወሊድ በኋላ ማህፀንን የሚያጨማድደው ያው ኃይል፣ ከወሊድ በፊት ሲመጣ አደጋ ነው። መርዝና መድኃኒትን የሚለያቸው መጠኑ ብቻ አይደለም፤ ሰዓቱም ነው።

ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ ሌላ ምሳሌ በአሜሪካ አለ። ቶል ፌስኪው የሚባል የግጦሽ ሣር አለ፤ ውስጡ በዓይን የማይታይ ፈንገስ ይኖራል፤ ኤርጎትን የመሰለ መርዝም ያመርታል። እርጉዝ ፈረሶች ይህን ሣር ሲግጡ ከርመው ደህና ይመስላሉ። ችግሩ የሚታየው በመውለጃቸው ነው፦ እርግዝናው ከ11 ወር ያልፋል፣ የእንግዴ ልጁ ይወፍራል፣ ምጡ ይከብዳል፣ ውርንጭላው ደካማ ሆኖ ይወለዳል፣ ግቱም ባዶ ይሆናል። እናቲቱን በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ከዚያ ሣር ማውጣት ብቻ አብዛኛውን ችግር ያስቀራል። «ደህና ትመስላለች» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያታልል ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

አሁን ደግሞ ወተቱ ሲመጣ። ላሟ የበላችው አፍላቶክሲን ቢ1 በጉበቷ ውስጥ በከፊል ወደ ሌላ ቅርፅ ይለወጥና ወተት ውስጥ ይገባል። ስሙ አፍላቶክሲን ኤም1 ነው፤ «ኤም» የሚለው ፊደል የተወሰደው ወተት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ከቢ1 ይልቅ ደካማ ቢሆንም መርዝ ነው። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም።

ላሟ አንድ ጋሻ አላት። ከአራቱ የሆዷ ክፍሎች ትልቁ፣ ሩመን የሚባለው፣ በረቂቅ ሕዋሳት የተሞላ ስለሆነ አንዳንድ መርዞችን ሳይጎዷት ይሰባብራቸዋል (በአፍላቶክሲን ላይ ግን ብዙም አይሠራም)። የሚያመነዥኩ እንስሳት ከአሳማና ከዶሮ ይልቅ የሻገተ መኖ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ጥጃው ግን ይህ ጋሻ የለውም። ሩመኑ ገና አልዳበረም፤ የሚጠባው ወተትም ሩመኑን አልፎ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ጨጓራ ይገባል። እናቱን የጠበቀው ጋሻ እሱን አይጠብቀውም። ከዚያው ላም ወተት የሚጠጣው የሰው ሕፃንም እንዲሁ።

ቁጥሩን አብረን እንሥራ

«ትንሽ ሻጋታ ምን ያመጣል?» ለሚል ሰው ስሌት ጥሩ መልስ ነው። እስክሪብቶ አንሱ። አንዲት ላም በቀን 4 ኪሎ ፋጉሎ ያለበት መኖ ትበላለች እንበል። በእያንዳንዱ ኪሎ ውስጥ 100 ማይክሮግራም አፍላቶክሲን ቢ1 ቢኖር (አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው) በቀን 400 ማይክሮግራም ትወስዳለች። ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶው ወደ ወተት ይሄዳል። 2 በመቶ ብንወስድ 8 ማይክሮግራም ነው። በቀን 10 ሊትር ከታለበች በሊትር 0.8 ማይክሮግራም ይደርሳል። በአሜሪካ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን በሊትር 0.5 ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በኪሎ 0.05። የእኛዋ የምናብ ላም ወተት ከአሜሪካው መስፈርት በላይ፣ ከአውሮፓው ደግሞ 16 እጥፍ ሆነ።

ምሳሌው የተጋነነ መስሏችሁ ይሆናል። አልተጋነነም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ የወተት አካባቢዎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙናዎችን መርምሯል። በመኖው ውስጥ የተገኘው ቢ1 በኪሎ ከ7 እስከ 419 ማይክሮግራም ነበር። ከ100 በላይ የሆኑት 41 ናሙናዎች ናቸው። ከ110ዎቹ የወተት ናሙናዎች የአውሮፓን መስፈርት ያላለፉት 9 ብቻ ሲሆኑ፣ 29ኙ ከአሜሪካውም በላይ ነበሩ። ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ኑግ ራሱ ጥፋተኛ አይደለም፤ ፋጉሎ ገንቢ መኖ ነው። ችግሩ ፍሬውም ፋጉሎውም ሙቀትና እርጥበት ባለበት ሲከማች ነው።

ታዲያ ወተት እንተው? አይደለም! ወተት ለሚያድግ ልጅ የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው፤ መስተካከል ያለበት መኖው ነው። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ማስተካከሉ ፈጣን ውጤት አለው፦ ላሟ የተበከለውን መኖ ስታቆም ኤም1 ከወተቷ ውስጥ በ3 ወይም በ4 ቀን ገደማ ይጠፋል። በማህፀን ውስጥ የቀረ ጉዳት ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

እርጉዞችና ጨቅላዎች የተለዩ መሆናቸውን ሕግም ያውቀዋል። በአሜሪካ ለእርድ ሊደርስ ለሚደልብ ከብት በቆሎ ውስጥ የሚፈቀደው አፍላቶክሲን በኪሎ እስከ 300 ማይክሮግራም ነው፤ ለርቢ ከብት 100፤ ለሚታለቡና ለጨቅላ እንስሳት 20 ብቻ። እህሉ ያው፣ መርዙ ያው፤ የሚበላው እንስሳ ሲለይ ግን ልኩም ይለያል።

እንዴት እንጠርጥር? ምንስ እናድርግ?

ላም በጨነገፈች ቁጥር ጥፋቱን በሻጋታ ላይ ማሳበብ ስሕተት ነው። ብሩሴሎሲስን የመሰሉ ተላላፊ በሽታዎችም ፅንስ ያስጨነግፋሉ፤ ብሩሴሎሲስ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ስለዚህ የጨነገፈ ፅንስንና የእንግዴ ልጅን በባዶ እጅ አትንኩ፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ነገር ግን አዲስ የመኖ ከረጢት ከተከፈተ በኋላ ብዙ እንስሳት በአንድ ጊዜ መብላት ከቀነሱ፣ ወተት ከቀነሰ፣ አንዷ ከጨነገፈች፣ ሌላዋ «አልይዝ» ካለች፣ በሽታውም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ የማይመስል ከሆነ፣ ሐኪሙን ስለ መኖው ጠይቁት። መኖው ተቀይሮ ነገሩ ከተሻሻለ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ማረጋገጫው ግን የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

መከላከሉ ከማከሙ ይቀላል፤ ምክንያቱም ለአብዛኞቹ የሻጋታ መርዞች ማርከሻ የለም። ሻጋታ የሚፈልገው እርጥበት ነው፤ እርጥበቱን ንሡት። እህሉ በደንብ ሳይደርቅ አይከተት፤ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ከረጢቱ መሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ ግድግዳ አይንካ። ክረምት ላይ ፋጉሎና ፉርሽካ በትንሽ በትንሹ ቢገዛ ይሻላል፤ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይውጣ። የሻገተ ነገር ስታነሱ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ብናኙ ሳምባ ይጎዳል። ቤንቶናይት የተባለ የሸክላ ዓይነት ከመኖ ጋር ሲቀላቀል አፍላቶክሲንን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ ይህ ግን ለመኖ ተብሎ የተዘጋጀውን እንጂ ያገኙትን አፈር አይደለም፤ ዚራሌኖንንም በደንብ አይዝም።

«ጣሉት» ማለት ለጸሐፊ ቀላል ነው። መኖ ውድ ነው፤ አንድ ከረጢት መጣል ለአንድ ቤተሰብ ትልቅ ገንዘብ ነው። በግልጽ የሻገተው ለማንም እንስሳ መሰጠት የለበትም። የሚያጠራጥረውን በተመለከተ ግን ቢያንስ አንድ ቅደም ተከተል እናውቃለን፦ እርጉዟ፣ የምትታለበውና ጨቅላው ከጥርጣሬ ነፃ የሆነውን መኖ ይብሉ። ምርጡ ለእነሱ ነው።

እናንተ ከብት ባለበት ቤት የምትኖሩ ከሆነ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። አንድ ደብተር ያዙ። በአንድ ገጽ ላይ እያንዳንዱ የመኖ ከረጢት ከየት እንደተገዛና መቼ እንደተከፈተ ጻፉ። በሌላው ገጽ ላይ የትኛዋ ላም መቼ እንደተጠቃች፣ መቼ እንደወለደች፣ ጥጃው እንዴት እንደሆነ መዝግቡ። ላም የምታረግዘው ወደ 9 ወር፣ በግ ወደ 5 ወር ነው፤ የሐምሌን ከረጢት ከኅዳር ጥጃ ጋር በጭንቅላት ብቻ ማገናኘት ለማንም ይከብዳል። ሐኪሙ ሲመጣ ደብተሩን ስጡት፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው መረጃ እሱ ነው።